በብርድ ልብስ የመጣው ስክሪን

የአንድ ሰው ሕይወት ሲጠቃለል ምን ይሆናል? በሠራው ቤት ይለካል የሚሉ አሉ፤ ባሳደጋቸው ልጆች፣ ቀብሩ ላይ በቆመው ሰው ብዛት የሚሉም አሉ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህንኑ ጥያቄ በጥቂት ገጾች መልሼ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ፤ ዛሬ ወረቀቱን ባገኘው ለእሳት ማቀጣጠያ አደርገው ነበር። አሁን አሁን የሚመስለኝ ሌላ ነው። ሰው በገዛ ዓይኑ ካየው ይልቅ፣ ሌሎች አብረውት ባዩለት ነገር የሚኖር ይመስለኛል። ብቻውን ያየው ነገር እውነት ቢሆን እንኳ ባዶ ሜዳ ላይ እንደቆመ በር ነው፤ ከፍተህ ብትገባ ቤት የለውም። ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ዲሪባ ነው።

ዲሪባ አሰላ ውስጥ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለው፤ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ባጃጆች ተሰልፈው ተራ ከሚጠብቁበት ጀርባ። ጽሑፎቼን የማስተይበው እሱ ዘንድ ነው። የእጅ ጽሑፌን እኔ ራሴ ማንበብ ሲያቅተኝ እሱ ያነብልኛል። አርባዎቹን አጋምሷል። ቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍም፤ ሲቀመጥ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ነው፤ ደንበኛ ሲገባ "እግሬን እንዳትረግጧት፣ እሷ ቀልድ አታውቅም" ይላል።

ፎቶ ኮፒ ከማንሳቱ በፊት ሾፌር ነበር። በአንድ ነጋዴ አይሱዙ ከአቦምሳ እህል፣ ከኦጎልቾ ስንዴ፣ ከደጋው ደግሞ የቢራ ገብስ ይጭን ነበር። አንድ የክረምት ጠዋት፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ወደ ዴራ ሲወርድ፣ ከጉሙ ውስጥ አንድ የፈረስ ጋሪ አፍንጫው ስር ድንገት ብቅ አለ። መሪውን ወደ ገደሉ ጠመዘዘው። ባለጋሪው ፈረሱን እየጎተተ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ዲሪባ ግን ከተገለበጠው መኪና የወጣው በበሩ ሳይሆን ቆርቆሮው ተቀዶ ነው። ከዚያ በኋላ መንጃ ፈቃዱን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው።

"ጋሼ፣ ሾፌር የሚኖረው እግሩ ስር አይደለም" አለኝ አንድ ቀን፣ ወረቀት እየደረደረ። "ሩቅ፣ ፊት ለፊት ነው የሚኖረው። መሪውን የያዘው ሥጋው ነው እንጂ ነፍሱ ቀድማ ሄዳ መታጠፊያው ጋ ትጠብቀዋለች። እኔን ያን ቀን ጉሙ ከነፍሴ ለየኝ።"

ጉልበቱ ተሰብሮ ሆስፒታል በተኛበት ጊዜ አልጋው አጠገብ ያልጠፋ ሰው ቢኖር ሌዊ ነው። ሌዊ ሚዜው ነበር፤ በአንድ የጸሎት ኅብረት አብረው ያደጉ ናቸው። ከዲሪባ ሱቅ መንገዱን ተሻግሮ ፎቶ ቤት አለው፤ ሠርግ ይቀርጻል፣ የሙሽሮችን ፊት ያሳምራል። ያኔ ዲሪባን በትከሻው ደግፎ መጸዳጃ ቤት የሚያደርሰው፣ ሾርባ የሚያመላልሰው እሱ ነበር። የዲሪባ ሚስት ተስፋነሽ "እኔ ያገባሁት አንድ ሰው ነው፣ የደረሱልኝ ግን ሁለት ናቸው" ትል ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጌም ቤት ሲዘጋ ዲሪባ ያገለገለ መሪ ከነፔዳሉ ገዛ። ፔዳሎቹን ፈታትቶ ነዳጁንም ፍሬኑንም በግራ እግሩ እንዲረግጥ አድርጎ ገጠማቸው። ከዚያ ሱቁን ከዘጋ በኋላ፣ ተስፋነሽ ራት እስክታቀርብ፣ ኮምፒውተር ላይ ከባድ መኪና ይነዳል። መንገዱ የፈረንጅ አገር ነው፤ ጭነቱ አንዴ እንጨት፣ አንዴ ወተት። መጀመሪያ ቀን ተስፋነሽ በር ላይ ቆማ አየችውና፣

"እንግዲህ ደግሞ የነዳጅ ሰልፍ የሌለበት መኪና ገዛህ" አለችው።

"ትራፊክ ፖሊስም የለበትም።"

"ደሞዝ አለበት?"

"ደሞዝስ የለበትም።"

"በል ንዳ፤ ራት ላይ ግን አቁመህ ትመጣለህ።"

ሲነዳ አይቼዋለሁ። ልጆች ጌም ሲጫወቱ እንደሚሆኑት አይሆንም፤ አይጮኽም፣ አይቸኩልም። ትከሻው ይወርዳል፣ አገጩ ከፍ ይላል፣ እጁ የመኪና ሰው እጅ ይሆናል። ያ የማይታጠፍ ጉልበት ያኔ ከክፍሉ ውስጥ የወጣ ይመስለኛል።

ችግሩ ስክሪኑ ነበር። ከአንድ መሥሪያ ቤት ሲወገድ የገዛው፣ ትንሽና አራት ማዕዘን ነገር። አውራ ጎዳናው ላይ ወደየት እንደሚታጠፍ የሚናገረው ሰማያዊ ምልክት ሩቅ ሳለ ጽሑፉ የጉንዳን ክምር ይመስላል፤ "ሐምቡርግ" ብሎ የሚነበበው አፍንጫው ስር ሲደርስ ነው፤ ያኔ መታጠፊያው አልፏል።

"ጉም ነው ጋሼ" አለኝ። "እዚያም ውስጥ ጉም አለ።"

ስለዚህ ሞኒተር መምረጥ ጀመረ። ምርጫው አንድ በጋ ሙሉ ፈጀ። ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ፣ የማያውቀውን እንግሊዝኛ እኔን እየጠየቀ፣ ከመረጠው በኋላ ደግሞ እየተወ። ይህ "ጥራት" የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ስጠይቀው የአንዲት ልጅ ጉርድ ፎቶ በሁለት ዓይነት አተመልኝ። መጠናቸው አንድ ነው፤ አንደኛው ላይ ቅንድቧ አንድ ጥቁር መስመር ነው፣ ሁለተኛው ላይ ጸጉሩ አንድ በአንድ ይታያል።

"ወረቀቱ እኩል ነው አይደል? ነጥቡ ነው የሚለያየው። ስክሪንም እንዲሁ ነው። ሁለት ስክሪኖች በቁመትም በስፋትም እኩል ሆነው፣ አንዱ ውስጥ የታጨቀው ነጥብ ከሌላው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ተዘግተው ብታያቸው መንትዮች ናቸው።"

ሱቁ የሚመጡ ጎረምሶች ፎር ኬ የሚሉትን፣ ነጥቡ ከሁሉም የታጨቀውን፣ ግዛ ይሉት ነበር። እሱ እምቢ አለ። ምክንያቱን በሾፌር ቋንቋ ነገረኝ፤ ምስሉን የሚያወጣው የኮምፒውተሩ ካርድ ያገለገለ ነው፣ ፎር ኬ ሲጭኑበት አይሱዙ ላይ የተሳቢ ጭነት እንደ መጫን ነው፣ ዳገት ላይ ይቆማል። መካከለኛውን፣ ቱ ኬ የሚሉትን መረጠ፤ ሃያ ሰባት ኢንች፣ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ የማይሸሽ። ጎረምሶቹ ለተኩስ ጌም ፍጥነቱ አነስተኛ ነው ብለው ሲያሾፉበት "እኔ የምተኩሰው ሰው የለም፤ ጥርት ብሎ ይታየኝ እንጂ" አላቸው። አባቱ የተዉለትን ባሕር ዛፍ ሸጠ። ተስፋነሽ አልከለከለችውም፤ "ውሃ ከመጠጣት በቀር ምን አደረገልን" አለች።

አዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ ሱቅ ስልክ ደውሎ ያን ሞኒተር እንዲያስቀምጡለት አደረገ። እሱ ራሱ እንዳይሄድ የሚኒባስ ወንበር እግሩን አያስቀምጥለትም። ሌዊ ለፎቶ ቤቱ ዕቃ ሊገዛ ይሄድ ስለነበር፣ ገንዘቡንና የሞኒተሩን ስም ለእሱ ሰጠው። አደራ አለው። እኛ ዘንድ አደራ የተባለ ሰው ያመጣውን ዕቃ ፊቱ ላይ ገልብጦ መመርመር ነውር ነው። ሰውየውን ሌባ እንደማለት ይቆጠራል። ይህንን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ያወጣው ሰው ግን ተከድቶ የማያውቅ መሆን አለበት።

ሌዊ ሞኒተሩን ያመጣው ያለ ካርቶኑ ነው። በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ከአዲስ አበባ እስከ አሰላ ጭኑ ላይ አስቀምጦ።

"ካርቶኑ ካለ ኬላ ላይ ለንግድ ነው ብለው ያጉላሉኛል" አለ። "ጣልኩት። እንደ ሕፃን ታቅፌው ነው የመጣሁት።"

ተስፋነሽ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዲሪባ ብርድ ልብሱን ራሱ አጥፎ መለሰለት።

የጸሎት ኅብረታቸው ልማድ አለው፤ ከመካከላቸው አንዱ ቤት ቢሠራ፣ ሱቅ ቢከፍት፣ መኪና ቢገዛ፣ ተሰብስበው እጃቸውን ዕቃው ላይ ጭነው ይጸልያሉ። እሑድ ከሰዓት ዲሪባ ሱቅ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቤተ ክርስቲያኔ ሌላ ቢሆንም እኔም ተጠርቼ ነበር፤ ባርኔጣዬን አውልቄ በር አጠገብ ቆምኩ። እንዲጸልይ የተጠየቀው ሌዊ ነው። መዳፉን ስክሪኑ አናት ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ።

"ጌታ ሆይ፣ የወንድማችንን ዓይን የሚያሳርፍ ዕቃ ስለሰጠኸን እናመሰግናለን። ያሳለፈውን አንተ ታውቃለህ። እኛንም እርስ በርሳችን ታማኞች አድርገን።"

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። አሜን አልን።

እንግዶቹ ሲሄዱ ዲሪባ መሪውን ያዘ። ስክሪኑ ትልቅ ነው፣ ብሩህ ነው፣ ሰማዩ ያምራል። ሰማያዊው ምልክት ከሩቅ ብቅ አለ። የጉንዳን ክምር ነበር፤ አሁን የበለጠ ትልልቅ ጉንዳን።

ቅንብሩን ከፈተ፤ ቱ ኬ የሚለው ምርጫ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። በማግስቱ መንገዱን ተሻግሮ ሌዊን ጠየቀው። ሌዊ ሳቀ።

"ካርድህ ነዋ። ሽማግሌ ካርድ ወጣት ሞኒተር አይነዳም።"

ዲሪባ አመነው። የተሸከመው ሌዊ፣ የጸለየለት ሌዊ፤ እንዴት አያምነው? ከዚያም በላይ በተጸለየበት ዕቃ ላይ ማማረር ከበደው፤ አሜን ያለ አፍ እንዴት ይመለሳል? ገመድ ለወጠ። ካርዱን ፈትቶ አቧራውን አራገፈ፣ መልሶ ገጠመ። እነዚያ ሁሉ ሳይረዱት ሲቀሩ የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ አዳማ ድረስ እግሩን እየጎተተ ሄዶ ዓይኑን ተመረመረ። መነጽር አሠራ። ከበጋ እስከ ክረምት ያንን መነጽር አድርጎ ሲነዳ አይቼዋለሁ፤ አንገቱን ወደ ስክሪኑ አስግጎ፣ ዓይኑን አጥብቦ። አንድ ጊዜ "እንዴት ነው?" ብዬ ስጠይቀው፣

"ስክሪኑ ደህና ነው ጋሼ። ደካማው እኔ ነኝ" አለኝ።

ክህደት ንብረት ሲወስድ ቀላል ነው። ሰው የገዛ ዓይኑን እንዳያምን ሲያደርግ ግን ምን እንደሚባል፣ ይህን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ ስም አላገኘሁለትም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጉርድ ፎቶ ፈልጎ ሌዊ ጋ ገባ። ሌዊ ወጣ ብሎ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስክሪን በርቷል፤ አንዲት ሙሽራ ሙሉ ስክሪኑን ሞልታዋለች። የቬሏ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ዲሪባ መነጽሩን አወለቀ። ክሩ አሁንም ይታያል። ከዚያ፣ ሰው የመኪና ታርጋ ለማየት እንደሚዞረው፣ ከስክሪኑ ኋላ ዞሮ የተለጠፈውን ስም አነበበ። በጋውን ሙሉ ሲመርጠው የከረመው ስም ነበር።

ሌዊ ሲገባ ዲሪባ ገና ከስክሪኑ ኋላ ቆሟል።

"ተቀመጥ እስቲ" አለው ሌዊ።

"ቆሜ ይሻለኛል።"

"ሁለቱንም አንድ ቀን ነው የገዛሁት። ያንተን በስምህ፣ የኔን በአቅሜ። መንገድ ላይ አሰብኩ።"

"የት ላይ?"

"ምን?"

"የት ላይ ስትደርስ ነው ያሰብከው? ሞጆ ነው? ዴራ?"

"ምን ያደርግልሃል አሁን?"

"መንገዱን ስለማውቀው ነው።"

ሌዊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዲሪባ፣ እኔ እሠራበታለሁ። የልጆቼ እንጀራ ነው። አንተ ትጫወትበታለህ" አለው።

ዲሪባ ፎቶውን ሳይነሳ መንገዱን ተሻገረ። የነገረኝ ያኑ ዕለት ነው፤ መነጽሩን እያጠፈ፣ እየዘረጋ። "ቢጠይቀኝ እኮ እሰጠው ነበር" አለኝ። "ሚዜዬ አይደል? እጁን ጭኖ ከሚጸልይበት ምናለ ቢጠይቀኝ።" ከዚያም ወደ ሌዊ ፎቶ ቤት ይዞኝ ሄደ፤ ሌዊ ደንበኛ ሲያነሳ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ሙሽራ በዓይኔ አየሁ፤ ተመልሼ ደግሞ የእሱን ምልክት አየሁ። ልዩነቱን ለማየት ፈላስፋ መሆን አያስፈልግም።

ተስፋነሽ ናት ሽማግሌ የጠራችው። ወንድሞች ፍርድ ቤት አይካሰሱም፤ ይህም የኅብረቱ ደንብ ነው። ሽማግሌዎቹ ዲሪባ ሱቅ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። ዋናው ኦቦ ቦና ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ነገር በማብረድ የተመሰገኑ። ከጎናቸው መለዋወጫ የሚነግዱት አቶ እንደሻው። እኔ በዲሪባ ወገን ተቀመጥኩ።

"ዲሪባ ልጄ፣ ጃባዹ፣ በርታ" አሉ ኦቦ ቦና። "አሁን ይኼ ዕቃ ይበራል አይበራም?"

"ይበራል።"

"ተሰብሯል?"

"አልተሰበረም ኦቦ።"

አቶ እንደሻው ጣልቃ ገቡ። "ከዚያኛው በመጠን ያንሳል?"

"እኩል ናቸው።"

"በል እንግዲህ፣ ከሱቄ እኩል ዕቃ ወስዶ የሚጣላኝ ደንበኛ በኖረኝ።" ሳቁ። ዲሪባም ጨዋ ስለሆነ ፈገግ አለ።

ሌዊ ተነሥቶ ተናገረ። "አባቶቼ፣ ተለዋውጧል ይላል፤ ይሁን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተለዋውጦ ይሆናል። ግን ልዩነቱ በዓይን የሚታይ አይደለም። ሆስፒታል ሳለ ያደረግኩትን ደግሞ አልናገርም።"

አለመናገሩ በቂ ነበር። አቶ እንደሻው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "በትከሻው የተሸከመህን ሰው በስክሪን ትጣላዋለህ? ደግሞ ለሥራ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ያንተ ዕድሜ ያለው ሰው በጌም ተጣላ ሲባል ደስ ይላል?"

ዲሪባ ሌዊን ትክ ብሎ አየው። "ፎቶ ቤት ውስጥ የነገርከኝን ንገራቸው" አለው። ሌዊ ወለሉን አየ።

"እሺ" አለ ዲሪባ። "እንዲመለስልኝ አልጠይቅም። እሱ ጋ ይቅር፣ ይሥራበት። እርቁንም እቀበላለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ያኛው ከማዶ ነው፣ እኔ ራሴ አመጣዋለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አንድ መንገድ እከፍታለሁ። አይታይም ብሏል። እናንተ እዩልኝ።"

ኮፒ ማሽኑ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ይጠብቃል።

"ማየት ምን ይጠቅማል ልጄ?" አሉ ኦቦ ቦና። "ለሰው የሚጠቅመው እርቅ ነው።"

"ኦቦ ቦና፣ ሻይ እስኪቀዳ የሚያልቅ ነገር ነው" አልኩ። "እኔ አይቼዋለሁ፣ ይታያል።"

"እርስዎ የእሱ ሰው ነዎት" አሉኝ ሳቅ ብለው። "ደግሞ እናውቅዎታለን፣ አጭር ነገር አያውቁም።"

እንደገና ሳቁ። ፊታቸውን አየሁ። የዓይናቸውን ድካም የፈሩ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። የፈሩት ልዩነቱ አይታየንም ብለው ሳይሆን ይታየናል ብለው ነው። ካዩ በኋላ ከሁለቱ አንዱን ዋሸህ ማለት ሊኖርባቸው ነው፤ ያን ጊዜ ኅብረቱ ይሰነጠቃል፣ የሌዊ እጅ የጸለየበት ሁሉ ይጠየቃል። የአንድ ሰው ዓይን ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።

ኦቦ ቦና ተነሡ፣ ሁሉም ተነሣ። "እንግዲህ በጸሎት እንዝጋው" አሉና፣ ነገሩን ለማሳመር ይሁን ሳያስቡት፣ "ሌዊ፣ አንተ ጸልይልን" አሉ። ሌዊ ጸለየ። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ግን ዲሪባን አየሁት፤ ዓይኑ ተከፍቶ የጠፋው ስክሪን ላይ ነው። አሜን ሲባል አፉ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ተሳሳሙ።

ዛሬም ሱቁ ክፍት ነው። ሌዊ ከማዶ ሰላም ሲለው እጁን ያነሳል። መሪው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ተስፋነሽ ራት ሲደርስ የምትጠራው ሰው የላትም፣ ቤት ውስጥ ነው ያለው። የኔን ጽሑፍ እየተየበ ሳለ አንዳንዴ አንድ ቃል ላይ ያቆምና "ጋሼ፣ ይኼ እንዲህ ነው የሚለው አይደል?" ይላል። ድሮ አይጠይቀኝም ነበር።

የእርቁ ዕለት ግን ነገሩ በመሳሳም አላለቀም። ሽማግሌዎቹ ካፖርታቸውን ሲደርቡ፣ ውጭ ካፊያ ጀምሮ አቶ እንደሻው ባጃጅ በፉጨት ሲጠሩ፣ ዲሪባ እግሩን እየጎተተ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ስክሪኑን አበራው። መንገዱ መጣ። ሩቅ፣ አስፋልቱ ጫፍ ላይ፣ ሰማያዊው ምልክት ቆሟል። ዲሪባ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ መደገፊያውን ያዘ።

"ኦቦ ቦና" አለ፣ ቀስ ብሎ። "ያኛው ይቅር። መብራት አለ። ይኼኛውን ብቻ፣ እዚህ ቁጭ ብለው፣ ያ ምልክት ምን እንደሚል ያንብቡልኝ።"

ኦቦ ቦና ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ ካፊያው ሳይበረታ ብለው ወጡ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ የለም።